የዛገ ራጂ፤ የሞተር ብስክሌት መንኰራኩር ሲታደስ

የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ከደብረ ታቦር መንገድ ጋር የሚገናኝባት የወረታ ከተማ ለፎገራ ሜዳ ዋና የገበያ ቦታ መሆኗ የታወቀ ነው። ሜዳው የርብና የጉማራ ወንዞች የሚተኙበት፣ አፈሩም ጥቁር ዋልካ ስለ ሆነ የክረምቱ ውሃ ቶሎ አይሰርግም፤ ሩዝም የተስማማው ስለዚሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደ ደረሰው ያለ ብርቱ ጎርፍ ባይመጣ እንኳ፣ ሐምሌና ነሐሴ በገቡ ቍጥር በዚያ አገር የሚሠራ ሞተር ብስክሌት ከጭቃ ውስጥ ውሎ ከነጭቃው ያድራል። ለሩዙ የተመቸው ውሃ ለብረቱ ጠላቱ ነው።

መስከረም ሲጠባ መንኰራኩሩን ለማሳደስ ወደ ጋራዥ የሚሄድ ሰው «ሙሉውን ለውጠው» የሚል መልስ ቢሰማ አያስደንቅም። ቸርኬው ሳይሰነጠቅ፣ የመንኰራኩሩ እምብርት የሆነው ሞዞም ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ብዙውን ጊዜ 36 የሚሆኑት ራጂዎች ነክሰው አንፈታም ስላሉ ብቻ ሁሉም ይጣላል። ይህ ለባለ ሱቁ ትርፍ ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን አይደለም። ሙሉ መንኰራኩር ለመግዛት ዐቅም ያጣ ደንበኛ ሞተሩን ከቤቱ ያቆመዋል፤ የቆመ ሞተርም ዘይት፣ ጎማና ካንዴላ አይገዛም።

ራጂው ብረት ነው፤ ከቸርኬው ላይ የሚወጥረው ትንሽ ዳዶ ብዙውን ጊዜ ናስ ነው፤ ሞዞው ደግሞ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። የተለያዩ ማዕድናት በእርጥበት ሲነካኩ አንደኛው ሌላውን ይበላዋል፤ ከዚህም የሚወጣው ዱቄት በጥርሱ መካከል ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ያጣብቃቸዋል። ራጂን እያስተላለፉ የማሰሩን ዘዴ እንግሊዛዊው ጄምስ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1874 ለብስክሌት በፓተንት ያስመዘገበው ሲሆን፣ በዚህ አስተሳሰር አንዱ ራጂ በሌላው ላይ የተደገፈ ስለ ሆነ አንዱን ብቻ በጕልበት መጠምዘዝ ቸርኬውን ያጣምማል።

ስለዚህ ባለ ጋራዡ አስቀድሞ የብረት መቀስ ሳይሆን እርሳስ ያንሣ። ራጂዎቹ እንዴት እንደ ተላለፉ ይሣል፤ ቸርኬው ከሞዞው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ምን ያህል እንደሚያዘነብል ለክቶ ይጻፍ። ከዚያም ጎማውንና ካላማዳሪያውን አውጥቶ፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት፣ እርሱም ባይገኝ ናፍጣ፣ በየዳዶው ሥር ያንጠባጥብ። ይህንም ሁለት ሦስት ቀን ማታ ማታ ይደጋግመው። ብዙ መንኰራኩር የሚበላሸው በዝገቱ ብዛት ሳይሆን ይህን ሦስት ቀን ለመጠበቅ ትዕግሥት በማጣት ነው። ቀጥሎም ዳዶውን በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ፣ ራጂው አብሮ እንዳይጠመዘዝ በፒንሳ መያዝ፣ አስቀድሞ ጥቂት ወደ ማጥበቂያው፣ ኋላም ወደ መፍቻው ማዞር ነው። ሁሉንም በየተራ ሩብ ሩብ ዙር ማላላት እንጂ አንዱን ጨርሶ መፍታት አይገባም። እንቢ ያለውን እሳት ይረዳል፤ ናስ በሙቀት ከብረት ይልቅ ይሰፋልና። ይሁን እንጂ ዘይቱ በሚገባ ሳይጠረግ፣ ኩሽኔታውና የፍሬን ሸራው ሳይወጣ እሳት ማስጠጋት አደጋ ነው።

በዚህ ሁሉ ያልተፈታው ይቈረጥ። የሚቈረጠውም የቀሩት ከላሉ በኋላ፣ ከግራና ከቀኝ እያፈራረቁ ነው፤ የተወጠረ ራጂ ሲበጠስ ስለሚፈናጠር ዐይንን በመነጽር መከለል ግድ ነው። ከውስጥና ከውጭ የሚገቡት ራጂዎች አጐነባበሳቸው፣ አንዳንዴም ርዝመታቸው ስለሚለያይ፣ ከየዐይነቱ አንዳንድ ለናሙና ይቀመጥ።

የነጋዴው ፋንታ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ራጂ በአንድ እስር ተጠቅልሎ «ለሁሉም ይሆናል» እየተባለ ሲሸጥ ይታያል። ያጠረው ጥርሱ በሙሉ ሳይነክስ ይቀርና ይላላል፤ የረዘመውም በዳዶው አልፎ ካላማዳሪያውን ይበሳል። አስመጪው ርዝመቱን በሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱንና የሚስማማውን ሞተር ለይቶ፣ ከነዳዶው በሙሉ ቍጥር ቢያዝ፣ ባለ ሱቁም በየሳጥኑ ላይ ይህንኑ በአማርኛ ቢጽፍበት፣ ናሙናውን ይዞ የመጣ ደንበኛ ባዶ እጁን አይመለስም። ትእዛዙ መተላለፍ ያለበት ግን ክረምቱ ሳይወጣ ነው።

አዲሱ ራጂ ሲገባ ጥርሱን ግራሶ መቀባት አይረሳ። ይህን ያደረገ ጋራዥ ያንኑ መንኰራኩር በሚቀጥለው መስከረም ያለ እሳትና ያለ መቀስ ይፈታዋል።