የወንጀል ዘር አለ ወይ?

ጨካኝነት በደም ይወረሳል የሚለው እምነት ጥንታዊ ነው፤ «ዘር ከልጓም ይስባል» በሚለው አባባል ውስጥም ይሰማል። የሳይንስ ማዕረግ ያገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1876 ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ ስለ ወንጀለኛ ሰው የጻፈውን መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ ነው። ሎምብሮዞ ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ፤ በመንጋጋው፣ በጆሮውና በራስ ቅሉ ቅርጽ ይለያል ብሎ ያስተምር ነበር። እንግሊዛዊው የእስር ቤት ሐኪም ቻርልስ ጎሪንግ ወደ 3,000 የሚጠጉ እስረኞችን አስለክቶ ከሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጸረና እንዲህ ያለ የተለየ መልክ እንደሌለ በ1913 አሳየ።

መልኩ ቢቀርም ሐሳቡ አልቀረም። የአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት በ1907 ወንጀለኞችንና «አእምሮ ደካማ» የተባሉ ሰዎችን በግዳጅ የሚያመክን ሕግ አወጣች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏት። በዚህ መንገድ በአገሪቱ ከ60,000 በላይ ሰዎች መውለድ እንዳይችሉ ተደርገዋል። የኦክላሆማ ሕግ ደግሞ በተደጋጋሚ የተፈረደባቸውን ወንጀለኞች የሚመለከት ነበር። ጉዳዩ በ1942 ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ሊመክን የተወሰነበት ሰው የመጀመሪያ ጥፋት ዶሮ መስረቅ ነበር፤ የኋለኞቹ ሁለቱ በጦር መሣሪያ የተፈጸሙ ዘረፋዎች ናቸው። ሕጉ ግን አደራ የተሰጠውን ገንዘብ ያጎደለውን ሰው አይነካም። የዶሮ ሌባ ጠባይ በዘር ይተላለፋል፣ የገንዘብ አጉዳይ ግን አይተላለፍም የሚያሰኝ አንዳችም ማስረጃ ስላልነበረ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሻረው። ስለ ዘር የተነገረው ሁሉ በተግባር የድሃውን ጥፋት ከቢሮ ሠራተኛው ጥፋት መለያ ሆኖ ነበር።

በ1965 የስኮትላንድ ተመራማሪዎች ጥብቅ ጥበቃ ባለው የአእምሮ ሕክምና ተቋም ውስጥ አንድ ተጨማሪ ዋይ ክሮሞዞም ያላቸው ወንዶች ከተጠበቀው በላይ በዝተው አገኙ። ጋዜጦች ወዲያው «የወንጀል ክሮሞዞም» አሉት። ይህ ክሮሞዞም ከ1,000 ወንዶች በአንዱ ገደማ ይገኛል፤ ብዙዎቹም እንዳላቸው እንኳ ሳያውቁ ይኖራሉ። በ1976 በዴንማርክ የወጣው ሰፊ ጥናት የእነዚህ ሰዎች ጥፋት በአብዛኛው ኃይል የሌለበት መሆኑን ሲያሳይ ጉዳዩ በረደ።

የመንትዮችና የጉዲፈቻ ልጆች ጥናት ከዚህ የተሻለ መንገድ ነው። 51 ጥናቶችን ያጠቃለለ የ2002 ትንታኔ፣ ሰዎች በጸረ-ማኅበረሰብ ጠባይ ከሚለያዩበት ልዩነት 41 በመቶ ያህሉ ከዘረ-መል ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይሳሳቱበታል። የአንድ ሰው ጠባይ 41 በመቶ ከዘሩ መጣ ማለት አይደለም፤ የሚናገረው በተጠናው ሕዝብ ውስጥ ስላለው ልዩነት ብቻ ነው። አንድ ማሳ በእኩል ታርሶ በእኩል ቢዳበር በጤፉ ቁመት ላይ የሚታየው ልዩነት ከዘሩ ይመጣል፤ ዝናብ በጠፋበት ዓመት ግን ያው ዘር ሁሉ ያጥራል። በሰውም እንዲሁ ነው፤ በአሜሪካ በ1991 ከ100,000 ሰዎች 9.8 የነበረው የግድያ መጠን በ2014 ወደ 4.5 ገደማ ወርዷል። በዚህ አጭር ጊዜ የሕዝቡ ዘረ-መል አልተለወጠም። ከ14,000 በላይ የዴንማርክ የጉዲፈቻ ልጆችን የመረመረው የ1984 ጥናት ደግሞ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄድ ዝምድና ያገኘው በንብረት ወንጀል ነው፤ ኃይል በተቀላቀለበት ወንጀል ላይ አላገኘም።

አንድ የተወሰነ ጂን በስሙ የተጠራው በ1993 ነው። ሐንስ ብሩነርና ባልደረቦቹ በአንድ የኔዘርላንድ ቤተሰብ ውስጥ በርካታ ወንዶች ቀላል የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ የቁጣ ፍንዳታና እስከ ቤት ማቃጠል የሚደርስ ድርጊት ሲያሳዩ፣ ሁሉም ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ ኤ የተባለው ኤንዛይም እንደሌላቸው ደረሱበት። ኤንዛይሙ እንደ ሲሮቶኒን ያሉትን የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካሎች ያፈራርሳል። ጂኑ የሚገኘው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነ መጠባበቂያ የለውም። እንዲህ ኤንዛይሙ ጨርሶ የጠፋባቸው ቤተሰቦች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ብሩነር ራሱም የጥቃት ጂን የሚለውን ስያሜ ተቃውሟል።

ኤንዛይሙን በመጠኑ የሚቀንሰው የዚህ ጂን ዓይነት ግን ከአውሮፓውያን ዝርያ ወንዶች በሲሶው ገደማ ይገኛል። አቭሻሎም ካስፒና ቴሪ ሞፊት በኒውዚላንዷ ደኒደን ከተማ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ክትትል ሲደረግላቸው የቆዩ ወንዶችን በ2002 መርምረው፣ ይህ ዓይነት ብቻውን ሰውን ወንጀለኛ እንደማያደርግ አገኙ። በልጅነታቸው ክፉኛ የተበደሉት ወንዶች ግን፣ ዝቅተኛው ዓይነት ሲኖራቸው፣ እንደ እነሱ ተበድለው ከፍተኛው ዓይነት ካላቸው ይልቅ ወደ ጥቃት ያዘነብሉ ነበር። በደል በሌለበት ቤት ያደጉት ተሸካሚዎች እንዲህ አልሆኑም፤ ግኝቱ የሕፃናት ጥበቃን ጉዳይ ከጂኑ ይልቅ ከፊት ያመጣዋል። የኋለኞቹ ጥናቶች ውጤቱን አንዴ ሲደግሙት አንዴ ሳይደግሙት ቀርተዋል፤ መላውን ጂኖም የሚያስሱት ደግሞ የሚያገኙት እያንዳንዳቸው ኢምንት ተፅዕኖ ያላቸው ብዙ ልዩነቶችን ነው።

ፍርድ ቤቶች ግን ይህን ሁሉ አልጠበቁም። በ2009 በቴነሲ ግዛት አንድ በግድያ የተከሰሰ ሰው ጠበቆች ዝቅተኛውን የጂን ዓይነትና የልጅነት በደሉን አጣምረው አቀረቡ፤ ዳኝነት የተሰጣቸው ዜጎችም ሞት ከሚያስፈርደው ክስ ይልቅ ቀለል ባለው ጥፋተኛ አሉት። የዘረ-መል ማስረጃ ወደ ሁለቱም ወገን ሊያዘነብል ይችላል፤ ቅጣት የሚያቀል ምክንያት የሆነው ነገር ለሌላው ዳኛ «ይህ ሰው አይታረምም» የሚያሰኝ ይሆናል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርጉ ሁኔታዎችን ሲዘረዝር ሥነ-ሕይወታዊ ምክንያትንም ይጠቅሳል። ምክንያቱ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ ሰውየውን በድርጊቱ ጊዜ የሚሠራውን እንዳያውቅ ወይም ራሱን መግዛት እንዳይችል አድርጎት መገኘት አለበት። እስካሁን የታወቀ የትኛውም ጂን በራሱ ይህን አያስረዳም።