እንዝርቱን የወሰደው መኪና ወደ መወርወሪያው መጣ

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ፣ የአሜሪካን ኤምባሲን አለፍ ብሎ የሚገኘው ሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ ገበያ መሆኑን ለአንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይልቅስ በአንድ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሰቀሉት ሁለት ቀሚሶች ጉዳይ ብዙ አልተነገረለትም። አንደኛው ጉለሌ ውስጥ ጉድጓዱ አፍ ላይ የተቀመጠ ሸማኔ ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ጥለቱን ያስገባበት ነው። ሁለተኛው ያው ጥለት በቀለም የታተመበት፣ ከቻይና በጥቅል የመጣ ሽፎን ነው። ራቅ ብሎ ለሚያይ ልዩነታቸው እምብዛም አይታይም። ዋጋቸው ግን አይገናኝም።

ለመሆኑ ይህ ፉክክር አዲስ ነው? አይደለም። ሸማና መኪና ከተገናኙ መቶ ዓመት አልፏል። የመጀመሪያው ግጥሚያ ግን ከሸማኔው ጋር ሳይሆን ከፈታይዋ ጋር ነበር።

እንደሚታወቀው ሸማ የሚሠራው ከድርና ከማግ ነው። ቀድሞ ሁለቱም ከሴቶች እጅ የሚወጡ ነበሩ። ጥጡ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ይባዘታል፣ ከዚያም በእንዝርት ይፈተላል። መፍተል ከመሸመን እጅግ የበለጠ ጊዜ ስለሚበላ አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ከበስተጀርባው ብዙ ፈታዮች ያስፈልጉ ነበር። የሥራው ማነቆ እዚህ ላይ ነበር። በምኒልክ ዘመን ከህንድ ይገባ የነበረው ክር፣ በኋላም በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ላይ የተተከለው የጥጥ ፋብሪካ፣ ቀጥሎም የአቃቂና የባሕር ዳር ፋብሪካዎች ይህንን ማነቆ ፈቱት። መጀመሪያ ድሩ ወደ ፋብሪካ ክር ዞረ፤ ማጉ ለረጅም ጊዜ የእጅ ፈትል ሆኖ ቆየና እሱም በብዙው ልብስ ላይ ቦታውን ለቀቀ። ሸማኔው ተጠቀመ፣ ክር መጠበቅ ቀረለት። የፈታይዋ ገቢ ግን ነጠፈ። ገቢዋ በየትኛውም መዝገብ ስላልነበረ ኪሳራዋንም የመዘገበ የለም።

በእንግሊዝ አገርም ነገሩ የሄደው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ የመጡት የመፍተያ መኪናዎች ክሩን አረከሱት፣ የእጅ ሸማኔውም ተፈላጊ ሆኖ ለጥቂት አሥርት ዓመታት ጥሩ ገንዘብ አገኘ። ከዚያ በኋላ የመሸመኛው መኪና ሲስፋፋ፣ በ1820ዎቹ ሩብ ሚሊዮን ገደማ የነበረው የእጅ ሸማኔ ቁጥር በ1860ዎቹ ወደ ጥቂት ሺዎች ወረደ። ከጋሞ ተራሮች፣ በተለይም ከዶርዜ፣ መጥተው ጉለሌ ላይ የሰፈሩት ሸማኔዎች ይህ ዕጣ ያልደረሰባቸው ለምንድነው?

መልሱ ጥለቱ ውስጥ ነው። ፋብሪካው አቡጀዲውን፣ ማለትም የዘወትሩን ልብስ ወሰደ፤ ሸማኔው ደግሞ ወደ በዓል ልብስ አፈገፈገ። ጥበብ የሚባለው ጌጥ በመደበኛው ማግ መካከል ተጨማሪ ባለቀለም ክር በእጅ እየተሰገሰገ የሚወጣ ነው፤ የአገር ውስጥ ፋብሪካ ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጥለቱ እየሰፋ፣ ቀለሙ እየበዛ ሄደ፤ ዋሽንግተን ያለው ወገንም ደንበኛ ሆነ። ሲናቅ የኖረ ሙያ በጥበቡ ምክንያት ዋጋ አወጣ።

አሁን መኪናው የመጣው በዚሁ በመጨረሻው ምሽግ ላይ ነው። ጥለት በካርድ እየተመራ የሚሸምን መኪና ፈረንሳዊው ዣካር እ.ኤ.አ. በ1804 ሠርቶ ነበር። የዛሬው በኮምፒውተር ይመራል። ለማተሚያው መኪና እማ መሸመንም አያስፈልገው፤ ከጉለሌ የወጣ አንድ ጥለት በስልክ ፎቶ ተነስቶ ባሕር ከተሻገረ በቂው ነው። ሕግ የለም ማለት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 የኢንዱስትሪ ንድፍን ለአምስት ዓመት፣ ሲታደስም ለተጨማሪ ዓመታት ይጠብቃል። ነገር ግን ንድፉ አዲስ መሆንና መመዝገብ አለበት። ለጥምቀት የወጣ ጥለት እስኪመዘገብ ጥምቀት ያልፋል፤ አገር ውስጥ የተመዘገበውም ቢሆን ውጭ አገር ያለውን አታሚ አያስቆመውም።

የሸማኔው ኑሮ የሚነካበትን መንገድ ለመረዳት የክፍያውን አሠራር ማየት ያሻል። ብዙ ጊዜ ክሩን የሚያቀርበው ነጋዴው ነው፤ ሸማኔው የሚከፈለው በቁጥር፣ የእጁን ብቻ ነው። ሽፎኑ የዋጋውን ጣሪያ ሲያወርደው ነጋዴው የክሩን ዋጋ መቀነስ አይችልም። የሚቀንሰው የእጅ ዋጋውን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅና ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ፣ በስሌት ደረጃ ከውጭ የሚመጣው ጨርቅ ስለሚወደድ ሸማኔው ፋታ ያገኛል ያሰኛል። ይሁን እንጂ ከውጭ የሚገባው ክርና ቀለምም በዚያው ዶላር ነው የሚገዛው።

እርግጥ ነው፣ የተፈጠረ ሥራም አለ። ርካሽ ቀሚስ ሲበዛ ገዢው ይበዛል፤ ሰፊው፣ ቸርቻሪው፣ ንድፍ አውጪዋ፣ የኮምፒውተር ጥልፍ መኪና የሚያንቀሳቅሰው ወጣት እንጀራ ያገኛሉ። የጥልፍ መኪናውን ሥራ በወራት መልመድ ይቻላል። ጥለት መቁጠር ግን ከልጅነት ጀምሮ በዓመታት የሚገኝ ነው (ከጋሞ የሚመጡ ሕፃናት ጉልበት ሲበዘበዝበት መኖሩም አይካድም)። ችግሩ አዲሱ ሥራ የሚሄደው ለአሮጌው ባለሙያ አለመሆኑ ነው። የአርባ ዓመት ሸማኔን የጥልፍ መኪና ላይ የሚያስቀምጠው የለም።

የተሻለ መሣሪያስ? ጉድጓድ የማያስፈልገው፣ መወርወሪያው በገመድ ተስቦ የሚበር ባለእግር መሸመኛ ሰፊ ጨርቅ ያወጣል፣ ያፋጥናልም። በእጅ የሚወረወረው ግን የሸማኔው እጆች ከሚደርሱበት የሰፋ ጨርቅ አያወጣም። እንጦጦ ግርጌ ቀድሞ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው የአንገት ልብስ ሲሸምኑ፣ መሸመን የወንድ ነው የሚለው ልማድም አብሮ ላልቷል። ባለእግሩ መሸመኛ ግን ቦታ ይፈልጋል። የጉለሌ ሸማኔ በአብዛኛው የሚኖረውም የሚሠራውም በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጉድጓዱ አልጋው አጠገብ ይቆፈራል፣ ባለእግሩ መሸመኛ ግን አልጋው ካልወጣ አይገባም።