ከኋላ ረድፍ ወደ መድረክ ፊት፤ የቦተሲኒ ደብል ቤዝ

ኦርኬስትራ ሲጫወት ዐይናችን ቶሎ የሚያርፈው ቫዮሊኖቹ ላይ ነው። ደብል ቤዝ፣ በሌላ ስሙ ኮንትራባስ፣ ከኋላ ወይም ከዳር ቆሞ የሙዚቃውን መሠረት ይይዛል፤ ብዙዎቻችን መኖሩን ልብ የምንለው ሲጎድል ነው። እኔ ይህን መሣሪያ ባየሁ ቁጥር የማስበው ጣሊያናዊውን ጆቫኒ ቦተሲኒን ነው።

ቦተሲኒ እ.ኤ.አ. በ1821 ክሬማ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ክላርኔት ተጫዋች ነበር፤ ልጁ የጀመረው ግን በቫዮሊን ነው። በ1835 ሚላን ኮንሰርቫቶሪ ለመግባት ሲሞክር ለትምህርቱ የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም። በነፃ ለመማር የቀሩት ቦታዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ የባሱን፣ ሌላው የደብል ቤዝ። በጥቂት ሳምንታት ተዘጋጅቶ በደብል ቤዝ ፈተናውን አለፈ። ባልመረጠው የትምህርት ዘርፍ ተመድቦ የተማረ አንባቢ ይህን ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም።

መሣሪያው ለብቻ ለመጫወት ለምን ያስቸግራል? የቫዮሊን ክር ርዝመት 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የደብል ቤዝ ግን ከ1 ሜትር ይበልጣል። በቫዮሊን ላይ ጣት ብቻ የምታዳርሰውን ርቀት፣ እዚህ መላው እጅ ሮጦ መድረስ አለበት። ክሩም ወፍራም ስለሆነ በቀስት ሲነካ ቶሎ አይታዘዝም። ቦተሲኒ ባለ ሦስት ክር መሣሪያ ይዞ ክሮቹን ከተለመደው ከፍ አድርጎ ቃኛቸው። ቀስቱን እንደ ቼሎ ተጫዋች ከላይ ያዘው። ክሩን ሳይጫን በጣቱ ጫፍ ብቻ እየነካ ፉጨት የሚመስሉ ቀጫጭን ድምፆች አወጣ። ግዙፉ መሣሪያ እንደ ሰው አዜመ።

ከዚያ በኋላ በሃቫና፣ በ1849 ደግሞ በለንደን ተደነቀ፤ ‹‹የደብል ቤዙ ፓጋኒኒ›› ተባለ። ኦፔራም ይመራ ነበር፤ በእረፍት ሰዓት ደብል ቤዙን መድረክ ላይ አውጥቶ በዚያው ምሽት ኦፔራ ዜማዎች ላይ ይጫወታል። ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 (እ.ኤ.አ.) የቨርዲ ‹‹አይዳ›› ካይሮ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ኦርኬስትራውን የመራው እሱ ነው። የኦፔራው ባለታሪክ፣ እንደምናውቀው፣ ኢትዮጵያዊት ልዕልት ናት።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን መምህርነቱ ነው። ለደብል ቤዝ ያዘጋጀው የማስተማሪያ መጽሐፍ ሁለት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ስለ ኦርኬስትራ ተጫዋችነት፣ ሁለተኛው ስለ ብቸኛ ተጫዋችነት ነው። መሣሪያውን ወደ ፊት ያወጣው ሰው ተማሪውን በቅድሚያ ያስተማረው ከኋላ ሆኖ ሌላውን መሸከም ነው።

በቨርዲ ጥቆማ የፓርማ ኮንሰርቫቶሪ ዳይሬክተር ሆነ፤ በ1889 ሐምሌ ወር በ67 ዓመቱ አረፈ። ዛሬም የደብል ቤዝ ተማሪዎች በየአገሩ ለፈተና ሲቀርቡ ከሚጫወቷቸው ሥራዎች መካከል የእሱ ኮንቸርቶ አለበት።