ቤተልሔም እንዴት «ትርምስ» ሆነች?

እንግሊዞች አንድ ቦታ በጩኸትና በግርግር ሲታመስ «ቤድላም» ይላሉ። መምህር የሌለበት የሕፃናት ክፍል ቤድላም ነው። በባከነ ሰዓት ጎል የገባበት ስታዲየም፣ በረራ የተሰረዘበት ኤርፖርትም እንዲሁ። በአሜሪካ ኦክላሆማ ሁለቱ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያደርጉት ግጥሚያ ስሙ ራሱ ቤድላም ነው። በአማርኛ «ትርምስ» ወይም «ሁካታ» ብንለው ያስኬዳል፤ የሰፈር ልጆች «ቀውጢ» የሚሉት ግን ይበልጥ ይቀርበዋል።

የቃሉ ምንጭ ጌታ የተወለደባት ቤተልሔም ናት። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበትን ቤት ቤተልሔም ስለምንል፣ ስሙ ከጸጥታና ከጥንቃቄ ጋር ነው የሚታሰበን። ለንደን ውስጥ የገጠመው ዕጣ ግን ሌላ ነው።

በ1247 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሲሞን ፊትዝሜሪ የተባለ የለንደን ሹም፣ ከቢሾፕስጌት በር ውጭ የነበረውን መሬቱን ለቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ሰጠ። ጊዜው የመስቀል ጦርነት ነበርና በቅድስት ሀገር ያለችው ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ቸግሯታል። በለንደን የተተከለው ገዳም ሥራው ምጽዋት መሰብሰብና ከዚያ የሚመጡትን እንግዶች መቀበል ነበር። የአእምሮ ሕመምተኛ ጉዳይ በሐሳብም አልነበረም። ውሎ አድሮ ግን ድሃና በሽተኛ ማስጠለል ጀመረ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሆስፒታል ተባለ። በ1403 መርማሪዎች ገብተው ሲያዩት አእምሯቸው የታወከ ስድስት ወንዶች አገኙ። ከንብረቱ መዝገብ ላይ የሰፈሩት የእጅ ብረትና ሰንሰለት፣ እንዴት ይያዙ እንደነበር ይናገራሉ።

የለንደን ሰው ረጅሙን ስም በየቀኑ ሲያመላልሰው አሳጠረው፤ ቤተልሔም ቤድለም፣ ቤድለም ደግሞ ቤድላም ሆነ። አዲስ አበባን «አዱ» ያልን ሰዎች በዚህ አንደነቅም። ቃሉ መጀመሪያ የቤቱ ስም ነበር። ቀጥሎ ከዚያ ወጣሁ እያለ በየመንገዱ የሚለምነው ሰው «ቤድላም» ተባለ። በሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» ውስጥ አባቱ የሚያሳድደው ኤድጋር ራሱን የሚሰውረው እንዲህ ያለ ለማኝ መስሎ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ማንኛውም መያዣ መጨበጫ የሌለው ጫጫታ በዚሁ ስም ይጠራ ጀመር።

በዚያው ክፍለ ዘመን፣ በ1676፣ ሆስፒታሉ ሙርፊልድስ ወደተባለው ቦታ ተዛወረ። አዲሱን ሕንፃ የነደፈው እውቁ ሳይንቲስት ሮበርት ሁክ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ቤተ መንግሥት ይመስል ነበር። ከበሩ አናት ላይ ቀራጺው ካዩስ ሲበር የሠራቸው ሁለት የድንጋይ ሐውልቶች ተጋድመው ነበር፤ አንዱ በትካዜ የደነዘዘ፣ ሌላው በሰንሰለት ታስሮ የሚጮህ ሰው ነው። ከዚያ በር ሥር እያለፉ የለንደን ሰዎች ሕመምተኛ ሊያዩ ይገቡ ነበር። ሊጠይቁ የሚመጡ ዘመዶች አይደሉም፤ ለመዝናናት የወጡ ሰዎች ናቸው። ምጽዋት ይጥላሉ፣ በየክፍሉ በር እየቆሙ ያያሉ፣ ይስቃሉ። በበዓል ሰሞን ሕዝቡ ይበረክት ነበር። ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርት በ1730ዎቹ ስለ አንድ አባካኝ ወጣት በሠራቸው ተከታታይ ሥዕሎች የመጨረሻው ላይ ይህን አሳይቷል፤ ወጣቱ ራቁቱን ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ወለሉ ላይ ወድቋል፣ ከኋላው ሁለት ያማረባቸው ወይዛዝርት ቆመው ይመለከታሉ። እንደ ልብ መግባት የተከለከለው በ1770 ነው።

እንግዲህ ጩኸቱ የማን ነበር? መዝገበ ቃላት ቃሉን ከሕመምተኞቹ ጋር ብቻ ያያይዘዋል። እኔ ግን ለማሾፍ የመጣው ሰው ድርሻም ቀላል የነበረ አይመስለኝም። የታሰረ ሰው ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ ሲስቅበት የማይጮኸው ማን ነው?

በሩ ለተመልካች ቢዘጋም ሰንሰለቱ አልተፈታም። በ1814 የገቡ መርማሪዎች ጄምስ ኖሪስ የተባለ አሜሪካዊ ባሕረኛ አገኙ። አንገቱ ላይ ያለው የብረት ቀለበት በአጭር ሰንሰለት ከቆመ ብረት ጋር ተያይዟል፤ ወገቡንና ክንዶቹንም ብረት ጠፍሯቸዋል። አሥር ዓመት ገደማ እንዲህ ኖሯል። ሲያነጋግሩት ግን ረጋ ብሎ መለሰላቸው፤ ጋዜጣና መጽሐፍም ያነብ ነበር። ጉዳዩ ከተሰማ በኋላ በ1815 ፓርላማው ምርመራ ከፈተ፤ የሆስፒታሉ ሐኪሞችም ከሥራቸው ተሰናበቱ።

የሆስፒታልን ስም መቀለጃ ማድረግ የእንግሊዝ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ «አማኑኤል ይግባ» ሲባል ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ ማለት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ስም በጓደኛሞች ጨዋታ ስንቴ እንደሚነሳ አንባቢ ራሱ ይቁጠር። እዚያ የሚታከም ዘመድ ያለው ሰው አጠገባችን ተቀምጦ ከሆነ ቀልዱ የት እንደሚያርፍ አናስብም።

የለንደኑ ቤተልሔም አልተዘጋም። በ1815 ወደ ሳውዝወርክ ሄደ፤ የዚያን ሕንፃ የተረፈ ክፍል ዛሬ የጦርነት ሙዚየም ይዞታል። ከ1930 ወዲህ ከመሐል ከተማ ርቆ በቤክንሃም በኩል በሰፊ የአትክልት ግቢ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ሁለቱ የሲበር ሐውልቶችም በግቢው ባለው ሙዚየም ይታያሉ።

እንግሊዝኛ የምታነቡ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቃሉ በትልቁ ፊደል ተጀምሮ ከተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታሉን ማለት ነው። በሼክስፒር ዘመን ጽሑፍ «አንድ ቤድላም» የሚል ከገጠማችሁ ሰው ነው፤ ትርምስ ብላችሁ እንዳትተረጉሙት። በዛሬ ጋዜጣ ከሆነ ግን «ቀውጢ» በሉትና እለፉ።