ውሻዎን የሚያጥበው ማነው?

እናቶች ሆይ! በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ልጅና ውሻ በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፤ በአንድ ግቢ ይውላሉ። ስለዚህ ውሻ አጥቦ ጠጉሩን የሚከረክም ባለሙያ ሲመርጡ ዋጋውን ብቻ አይመልከቱ።

በመጀመሪያ፣ የክትባት ካርድ ይጠይቃልን? እርስዎን ካልጠየቀ ከእርስዎ በፊት የመጣውንም አልጠየቀም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ መቀሱንና ማበጠሪያውን ከአንዱ ውሻ ወደ ሌላው ሲያልፍ ያጸዳልን? እከክና ቁንጫ በዚህ ይተላለፋሉ። ሦስተኛ፣ ጥፍር ውስጥ የደም ሥር ስላለ ጫፉን ብቻ መቁረጥ ይገባዋል። የሚደበድብ ከሆነ ውሻውን ይዘው ይመለሱ፤ የተሠቃየ ውሻ ይናከሳል።

ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም፤ አስቀድሞ ግን ክትባት አለው። የውሻው ንጽሕና የቤተሰቡም ጤና መሆኑን አይዘንጉ።