ዋጋ ከዜና ሲቀድም፦ ከሮቤ የእህል ተራ እስከ ኒውዮርክ

ባለፈው ቡና ላይ ተቀምጠን አንዳችሁ የጠየቃችሁኝ ጥያቄ እስካሁን አልለቀቀኝም። «አንድ ኩባንያ ታይቶ የማይታወቅ ገቢ አገኘሁ ባለ ማግስት አክሲዮኑ ለምን ይወርዳል?» ነበር ያላችሁት። ይህን ለመረዳት ኒውዮርክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ባሌ፣ ሮቤ የእህል ተራ ውስጥ አንድ ጠዋት መቆም ይበቃል።

የባሌ ደጋ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። በኦሮምኛ «ገና» የሚባለው ወቅት በመጋቢት ግድም ተጀምሮ በክረምት ይታጨዳል፤ «ቦና» የሚባለው ደግሞ በታኅሣሥና በጥር ይሰበሰባል። አሁን የቦና መከር ደርሷል እንበል። በሮቤ ዙሪያ ያለው የሲናና ማሳ ወርቅ መስሏል፣ ኮምባይነሮችም መግባት ጀምረዋል። ሁሉም ሰው «ዘንድሮ ምርቱ ጥሩ ነው» ይላል። የስንዴ ዋጋ የሚወርደው መቼ ይመስላችኋል? ምርቱ ጎተራ ሲገባ? አይደለም። ነጋዴው ማሳውን አይቶ፣ ወሬውን ሰምቶ ገና ሳይታጨድ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጥራት ይጀምራል። የሚጠበቀው ምርት ገበያ ሳይደርስ ዋጋው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ከዚያ በአጨዳው ሰሞን ያልታሰበ ዝናብ ይመጣል። የደረሰው እህል ይበሰብሳል ተብሎ ይፈራል፣ ኮምባይነሩም ጭቃ ውስጥ መግባት አይችልም። ያን ጊዜ ምርቱ ካምናው የተሻለ ቢሆን እንኳ ዋጋው ይነሳል። ከተጠበቀው አንሷልና! የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ዋጋን የሚያንቀሳቅሰው ዜናው ጥሩ ወይም መጥፎ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ በመጣውና በተጠበቀው መካከል ያለው ልዩነት ነው።

አሁን ኒውዮርክን እንይ። የባሌ ማሳ በዓመት ሁለት ጊዜ ውጤቱን ሲያሳይ፣ በአሜሪካ ገበያ የተመዘገቡ አብዛኞቹ ኩባንያዎች አራት ጊዜ፣ በየሩብ ዓመቱ፣ ገቢና ትርፋቸውን ይገልጻሉ። ቺፕ ሠሪው ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2023 የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ገቢው 11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚሆን ተናገረ። ተንታኞች የጠበቁት ግን 7 ቢሊዮን ገደማ ነበር። በማግስቱ አክሲዮኑ በ24 በመቶ ዘለለ። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2024 ገቢው ካምናው በ122 በመቶ አድጎ 30 ቢሊዮን ዶላር መድረሱን አስታወቀ። በማግስቱ አክሲዮኑ ከ6 በመቶ በላይ ወረደ። ቁጥሩ ከተንታኞች አማካይ ግምትም በላይ ነበር። ገዢዎች በልባቸው የያዙት ግን ከዚያም ይበልጥ ነበር፤ ደስታውን አስቀድመው በዋጋው ከፍለውበታል።

እኛም አገር ይህን በዓይናችን አይተናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ጊዜ ወደ 75 ብር ተጠጋ። በትይዩ ገበያ ግን ዶላሩ አስቀድሞ ከ100 ብር በላይ ይመነዘር ነበር። ለባንኩ ሰሌዳ ዱብ ዕዳ የሆነው ዜና፣ ለትይዩ ገበያው ሲጠበቅ የኖረ ነገር ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ የዋጋ ደረጃ ነው፤ «ጣሪያ» እና «ወለል» እንበለው። አንድ የሮቤ ነጋዴ ስንዴ በኩንታል 5,000 ብር ገዝቶ አከማቸ እንበል። ዋጋው ወደ 4,600 ወረደ። እንቅልፍ አጣ። «5,000 ይመለስልኝ እንጂ ወዲያው እሸጣለሁ» ብሎ ለራሱ ተሳለ። እንደሱ የተሳሉ መቶ ነጋዴዎች ቢኖሩ፣ ዋጋው 5,000 ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጋዘናቸውን ይከፍታሉ፤ ዋጋውም ተመልሶ ይወርዳል። ይህ ነው ጣሪያ። ወለል ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ «በ4,600 ሳልገዛ አመለጠኝ» ብለው የተቆጩ ሰዎች ዋጋው ተመልሶ እዚያ ሲደርስ ይሻሙበታል። በስልካችን የምናየው የዋጋ ሥዕል ላይ የሚሰመረው መስመር የሰዎች ትዝታ ነው፦ የጸጸትና የስእለት ምልክት። ስለዚህም አጥር አይደለም። ጠንካራ ያልተጠበቀ ዜና ሲመጣ ይጣሳል፤ የተጣሰ ጣሪያም ብዙ ጊዜ ወለል ይሆናል፣ ቀድሞ በዚያ ዋጋ የሸጡት «ምነው ባልሸጥኩ» እያሉ እንደገና ለመግዛት ስለሚጠብቁበት።

የቀን ነጋዴ የሚባለው፣ የገዛውን በዚያው ቀን የሚሸጠው ሰው፣ እነዚህን ሁለቱን፣ ዜናንና የዋጋ ደረጃን፣ አጣምሮ የሚሠራ ነው። ኩባንያዎች ውጤታቸውን በአብዛኛው የሚናገሩት ገበያው ከመከፈቱ በፊት ወይም ከተዘጋ በኋላ ነው። በአሜሪካ በጋ የኒውዮርክ ገበያ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10፡30 ተከፍቶ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይዘጋል። ዜናው ሌሊት ሲወጣ፣ በማግስቱ ዋጋው ከትናንቱ መዝጊያ ዘልሎ ይከፈታል። ጥንቁቁ የቀን ነጋዴ ሲከፈት አይሮጥም። ዋጋው የቆየውን ጣሪያ ጥሶ እላዩ ላይ መቆም መቻሉን ይጠብቃል፤ ከገዛም የት ላይ «ተሳስቻለሁ» ብሎ እንደሚወጣ አስቀድሞ ይወስናል፤ ገበያው ከመዘጋቱ በፊትም ሸጦ ይወጣል።

እዚህ ላይ ስሌቱን በደንብ ያዙልኝ። 100,000 ብር አላችሁ፣ በአንድ ግብይት ከ1,000 ብር በላይ ላለመክሰር ወስናችኋል። በ300 ብር ልትገዙ ነው፣ መውጫችሁ ደግሞ 290 ነው። ልዩነቱ 10 ብር ስለሆነ መግዛት የምትችሉት 100 አክሲዮን ብቻ ነው። ብዛቱን የሚወስነው ልትከስሩ የፈቀዳችሁት መጠን እንጂ ልታተርፉ የተመኛችሁት አይደለም። «ቀድሞ ነው መጥኖ መደቆስ» ያሉት ወላጆቻችን ለዚህ ነው የተናገሩት የሚመስለኝ። አሁን ሳትሸጡ አደራችሁ እንበል፤ ሌሊት መጥፎ ውጤት ወጣ፣ ጠዋት ገበያው በ250 ተከፈተ። 290 ላይ የሚገዛችሁ የለም። ኪሳራው 5,000 ብር ሆነ፣ ከወሰናችሁት አምስት እጥፍ። የቀን ነጋዴው ሸጦ የሚያድረው ይህን ዝላይ ፈርቶ ነው።

ታዲያ በዚህ መንገድ ሰው ይከብራል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስለምትወዱኝም ስሙኝ። ብራዚል ውስጥ በአክሲዮን ገበያ መለኪያ (ኢንዴክስ) ውል የቀን ንግድ የጀመሩ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ከ300 ቀን በላይ ከቆዩት 97 በመቶው መክሰራቸውን አሳይቷል። በታይዋን የተደረገ ሌላ ጥናትም ወጪያቸውን ችለው በተከታታይ የሚያተርፉት ከ1 በመቶ በታች መሆናቸውን አገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነጋዴው ስንዴ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ዋጋ አንድ እንዳልሆነ ሁሉ፣ በአክሲዮንም የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ይለያያል፤ የአገናኝ ክፍያም አለ። በቀን አሥር ጊዜ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ያን ልዩነት አሥር ጊዜ ይከፍላል። ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ተፎካካሪ ዜናውን በሰከንድ ክፍልፋይ የሚያነብ ማሽን ነው። «በወር ገንዘብህን እጥፍ አደርግልሃለሁ» የሚል የቴሌግራም መልእክት ሲደርሳችሁ እነዚህን ቁጥሮች አስታውሱ።

ታዲያ ይህ እውቀት ለእኛ ምን ይጠቅማል? በጣም ይጠቅማል! በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያ ተፈቅዶ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ ተበሥሯል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም እያንዳንዳቸው 300 ብር የሆኑ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን በቴሌብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዙ። ይህ አክሲዮን በገበያ ሲሸጥና ሲገዛ 300 ብር ተራ ቁጥር አይሆንም፤ የነዚህ ሁሉ ሰዎች ትዝታ ያረፈበት ደረጃ ነው።

ገበያችን ገና ለጋ ነው፤ ጠዋት የገዙትን ማታ የሚረከብ ሰው ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ለእኛ የሚሆነው ውጤት ማንበብን መማር ነው። ባንኮቻችን ሒሳባቸውን በሰኔ ይዘጋሉ፣ ከወራት በኋላም ለባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ያቀርባሉ። በዚያ መሀል የሚጠበቀው ሁሉ ዋጋው ውስጥ ይገባል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ጎባ ያለ ዘመዳችሁ ስንት መኪና ስንዴ እንደተጫነ ቢነግራችሁ ወሬ ነው፤ ባንክ የሚሠራ ዘመዳችሁ ገና ያልወጣ የትርፍ ቁጥር ነግሯችሁ አክሲዮን ብትገዙበት ግን ሕግ የሚከለክለው የውስጥ መረጃ ግብይት ነው።

አንድ ልምምድ ልስጣችሁ። ከመጪው መከር በፊት ደብተር ያዙና ሦስት ነገር ጻፉ፦ ዛሬ የኩንታል ዋጋ ስንት ነው፣ ሰው ሁሉ ምን ይጠብቃል፣ ባልጠበቀው መንገድ ምን ሊመጣ ይችላል። ዝናብ? ዋግ? የኮምባይነር እጥረት? ከአጨዳው በኋላ ተመልሳችሁ አወዳድሩ። አንዲት ብር ሳታወጡ፣ የተጠበቀውን ከመጣው መለየት ትለማመዳላችሁ። በሚቀጥለው ቡና ላይ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የእኔንም አመጣለሁ።