የአመሻሽ ዛፎች በባለቀለም እና በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ፦ ከደነባ ደጋ አንጻር

የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ደነባ ዙሪያ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለፎቶግራፍ የሚበቃው ብርሃን ብዙ አይቆይም። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚገኝ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ወዳለ በተጠጋ መንገድ ነው፤ ከመጥለቋ አንሥቶ ከአድማስ በታች 6 ዲግሪ እስክትደርስ የሚወስድባት ጊዜ 21 ወይም 22 ደቂቃ ገደማ ነው። በሎንዶን በሰኔ ወር ይኸው ጊዜ ከ40 ደቂቃ ይበልጣል። ሰማዩ ጥርት ባለ ምሽት፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ መሬት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከ400 ሉክስ ገደማ ወደ 3.4 ሉክስ ገደማ ይወርዳል። ይህም በየሦስት ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ለመስክ ጥናት ዛፎችን የሚያነሣ ተማሪ ካሜራውን አስተካክሎ እስኪጨርስ ብርሃኑ ጥሎት ሊሄድ ይችላል።

አማርኛ ይህን ሰዓት «ለዓይን ያዝ ሲያደርግ» ይለዋል። አባባሉ ከሥነ ብርሃን ዕውቀት ጋር በሚገባ ይስማማል። በቀን ብርሃን የሰው ዓይን አብልጦ የሚያየው 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን፣ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ነው፤ ሲጨልም ግን ይህ ጫፍ ወደ 507 ናኖሜትር ይሸሻል። ክሥተቱ በመጀመሪያ ባስተዋለው የቦሔምያ ሊቅ ስም የፑርኪንየ ለውጥ ይባላል። በዚህ የተነሣ የኮርች ቀይ አበባ ከቅጠሎች ቀድሞ ይጠቁራል፤ ቀጥሎም ቀለም ሁሉ እየደበዘዘ ይሄዳል። ካሜራ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ የለውም። መዝጊያው ለብዙ ሰከንድ ተከፍቶ ከቆየ፣ ዓይን ግራጫ አድርጎ ያየውን ባሕር ዛፍ አረንጓዴ አድርጎ ያወጣዋል። እንግዲህ ባለቀለሙ ፎቶግራፍ ለቅጠሉ ታማኝ ነው፤ ለምሽቱ ግን ታማኝ ላይሆን ይችላል። ጥቁርና ነጩ በበኩሉ በሥፍራው የቆመ ሰው ወዳየው ይቀርባል።

ይሁን እንጂ የተመራማሪው ጥያቄ ዛፉ ምን ይመስላል ከሚለው ያለፈ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ የመሬት አጠቃቀም ለውጥን የሚያጠና ሰው፣ በምስሉ ላይ ያለው ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው ወይስ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ተጠብቆ የቆየው የሐበሻ ጥድ ነው ብሎ መለየት አለበት። በምዕራቡ ሰማይ ፊት ጥላቸው ብቻ ሲታይ ቁመታምና ቀጥ ያለው ባሕር ዛፍ ከደጋ ግራር ዣንጥላ መሰል ራስ በቀላሉ ይለያል። እዚህ ላይ ቀለም ምንም አይጨምርም፤ እንዲያውም የሰማዩ ብርቱካናማ ድምቀት ዓይንን ከቅርጹ ይነጥቃል። ወጣት የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ቅርጽ ብቻውን አያስተማምንም። ነጭ ባሕር ዛፍ ላይ ደግሞ ቀለም ሌላ መረጃ ይዟል። ከተቆረጠ ጉቶ የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቅጠል ሰም የተቀባ መስሎ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ፣ የጎለመሰው ዛፍ ቅጠል ጥቁር አረንጓዴ ነው። ይህን ልዩነት የያዘ ምስል ማሳው በቅርቡ መቆረጡን ይጠቁማል።

ጥቁርና ነጭ ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በናፒየር ዘመቻ የመጡ የእንግሊዝ ወታደሮች በሰሜን ኢትዮጵያ ያነሷቸውን ምስሎች፣ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ በዚያው ሥፍራ ዳግም በማንሣት ከ140 ዓመት በኋላ የዛፍ ሽፋን በብዙ ቦታ መጨመሩን አሳይተዋል፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ዘመቻው ደነባን ባይነካም ለዘዴው የሚሰጠው ትምህርት ለማንኛውም ደጋ ይሠራል። በዚያ ዘመን የነበረው የኮሎዲየን መስታወት የሚቀበለው ሰማያዊንና ከሐምራዊ በላይ ያለውን ብርሃን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ሲወጣ አረንጓዴው ቁጥቋጦ ብቻ ሳይሆን የደረቀው ቢጫ ሣርም ይጠቁራል። እንዲህ ያለውን ምስል በዛሬው ካሜራ ከተገኘ ግራጫ ምስል ጋር በጥቁረቱ ብቻ ማነጻጸር ሣርን ዛፍ ብሎ ወደ መቁጠር ሊያደርስ ይችላል።

መፍትሔው የሚገኘው ከባለቀለሙ ፋይል ነው። በአብዛኞቹ ዲጂታል ካሜራዎች ሴንሰር ላይ ካሉት ነጥቦች ግማሹ አረንጓዴን፣ ሩቡ ቀይን፣ ሩቡ ሰማያዊን ይለካሉ። ባለቀለሙን ጥሬ ፋይል ያስቀመጠ ሰው የሰማያዊውን ክፍል ብቻ ለይቶ የ1868ቱን መስታወት የሚቀርብ ግራጫ ምስል ማውጣት ይችላል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚቀረው ብርሃን ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ይህ ክፍል በአንጻሩ ጥራት ያለው ሲሆን፣ ቀዩ ግን በብርሃን እጦት ይዥጎረጎራል። ገና በካሜራው ውስጥ ወደ ጥቁርና ነጭ ተቀይሮ የተቀመጠ ምስል ይህን ምርጫ አስቀድሞ ይዘጋዋል።

አውቶማቲክ የቀለም ማስተካከያም መጥፋት አለበት፤ የምሽቱን ሰማያዊነት «ስሕተት» ብሎ ያርመዋልና። በደነባ ከወቅቱ ጋር ከምሽቱ 12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል እስከ 12፡45 ገደማ ባለው ጊዜ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ስምንትና ዘጠኝ ደቂቃዎች ጀርባን ለምዕራብ ሰጥቶ በምሥራቅ በኩል ያሉትን ዛፎች በቀለም ማንሣት ይመረጣል፤ የሰማዩ ብርሃን ቅጠላቸው ላይ የሚያርፈው ያን ጊዜ ነውና። ከዚያ በኋላ ዞሮ በምዕራቡ ሰማይ ላይ ቅርጻቸውን መያዝ ይቻላል። ነፋስ ካለ መዝጊያው በረዘመ ቁጥር የባሕር ዛፉ ጫፍ ይደበዝዛል፤ ይልቁንም የብርሃን ትብነቱን ከፍ አድርጎ ትንሽ መዥጎርጎርን መታገሥ ይሻላል።